የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን ስትሠለጥኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዚህ ሙያ የሚሠለጥን ሰው ብዙውን ጊዜ ለልጆች ፍቅር አያንሰውም። የሚያደናቅፈው ችኮላው ነው። ልጁ ሲያለቅስ ቶሎ ማባበል፣ ዝም ሲል ቶሎ መጠየቅ፣ ችግሩን ሲሰሙ ቶሎ መፍትሔ መስጠት። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ዛሬ አዳዲስ ሠልጣኞችን ስረዳም ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ ከችኮላ ነው።

ልጁን እንደ ትንሽ አዋቂ ማናገር

በልምምድ ጊዜዬ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ተላከልኝ። ክፍል ውስጥ እየተማታ አስቸግሯል። ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩትና «ምን ተሰማህ? ለምን መታኸው? ቤት ውስጥ ችግር አለ?» እያልኩ ጥያቄ አዥጎደጎድኩበት። ትከሻውን ሰበቀና «አላውቅም» አለ። እውነቱን ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የገዛ ስሜቱን ተንትኖ ምክንያቱን ማስረዳት ይከብደዋል። ዣን ፒያዤ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳስተማረው፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ግድም ያሉ ልጆች በደንብ የሚያስቡት በሚያዩትና በሚጨብጡት ነገር ነው። ረቂቁ ነገር የሚመጣው ቆይቶ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጫወቻ መኪኖች ያሉበትን ሳጥን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ምንም አልጠየቅኩትም። መኪኖቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው። አንዷን ቀይ መኪና ግን ወስዶ ጠረጴዛው ሥር ለብቻዋ አቆማት። ትንሽ ጠብቄ «ይቺ ለብቻዋ ቆማለች» አልኩ። ቀና ሳይል «እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትመጣው» አለኝ። አባቱ ከቤት እንደወጣና የሚያየውም በሳምንት አንድ ቀን እንደሆነ በኋላ እናቱ ነገረችኝ።

ሥልጠናው ላይ ስለ ጨዋታና ስለ ሥዕል የሚሰጠውን ትምህርት እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ልጁ የሚያደርገውን በአጭሩ ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲከብዳችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ልጁ የሚናገረው ሰባት ወይም ስምንት ላይ ስትደርሱ ነው።

«ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት

ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» ወይም «እንዳትነግር» ብሎ ሲለምን እሺ ማለት በጣም ይቀላል። ግን እሺ እንዳትሉ። ምስጢር መጠበቅ የሙያው መሠረት ሆኖ ሳለ ወሰን አለው። ልጁ እየተጎዳ ከሆነ፣ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ካለ ዝም ማለት አይቻልም። ቃል ገብቶ ማፍረስ ደግሞ ያንን ልጅ ከአማካሪ ሁሉ ሊያርቀው ይችላል።

ይህን ወሰን መንገር ያለባችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ነገር ሳይነሳ ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «እዚህ የምናወራው በኔና ባንተ መካከል ነው። ሰው እየጎዳህ ከሆነ፣ ራስህን መጉዳት ካማረህ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ ግን ሊረዳን ለሚችል ትልቅ ሰው እናገራለሁ። ስናገር ደግሞ ላንተ ነግሬህ ነው።» ከዚያ በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ደግሜ አስረዳዋለሁ።

መርማሪ ፖሊስ መሆን

ልጅ ጥቃት እንደደረሰበት ሲናገር ደም ይፈላል። ሁሉንም ነገር አሁኑኑ ማወቅ ያምረናል። «አጎትህ ነው አይደል? እዚህ ጋ ነክቶሃል?» የሚል ጥያቄ ከአፍ ሾልኮ ይወጣል። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ትንንሽ ልጆች የጠያቂውን ፍላጎት ለማሟላት ሲሉ የተጠቆማቸውን ሊቀበሉ ይችላሉ። አንድን ጥያቄ ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁ የመጀመሪያው መልስ የተሳሳተ መስሏቸው ሊቀይሩት ይችላሉ። ይህ ደግሞ በኋላ ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎችን ሥራ ያበላሻል፤ ልጁንም ያለ ጠባቂ ሊያስቀረው ይችላል።

የእናንተ ድርሻ መስማት፣ ማመስገንና ሪፖርት ማድረግ ነው። «ስለነገርከኝ ጎበዝ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። መጠየቅ ካለባችሁ «እስኪ ንገረኝ»፣ «ከዚያስ?» ይበቃል። ልጁ እንደሄደ እሱ የተጠቀመበትን ቃል ሳትለውጡ ጻፉት። ልጁ «ጭራ» ብሎ ከሆነ «ጭራ» ብላችሁ ጻፉ፤ በሐኪም ቃል አትተርጉሙት። ሪፖርቱ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በምን ዓይነት ቅጽ እንደሚቀርብ የምትሠሩበትን አገር ሕግ ልምምድ ሳትጀምሩ እወቁ። ጥርጣሬ ላይ ሆናችሁ ማስረጃ እስኪሟላ አትጠብቁ። ማጣራት የሌሎች ሥራ ነው።

ስለ ሞት መጠየቅን መፍራት

«ገና ትንሽ ናት፣ ራሷን ስለ መጉዳት ብጠይቃት ሐሳቡን እኔው እሰጣታለሁ» ይላሉ ሠልጣኞች። አይደለም። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። የአንደኛ ደረጃ ልጆችም «ባልኖር ይሻል ነበር» ይላሉ፤ እንዲህ ያለውን አነጋገር እንደ ማኩረፍ አድርጎ ማለፍ አደገኛ ነው። በለሰለሰ ድምፅ፣ በቀላል ቃል ጠይቁ፦ «ራስሽን መጉዳት ወይም መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት፤ እዚያው ሆናችሁ ሱፐርቫይዘራችሁን፣ ማለትም ልምምዳችሁን የሚከታተለውን ባለሙያ፣ ጥሩ።

የተላከላችሁን ሥራ ሁሉ መቀበል

ሠልጣኝ እምቢ ማለት ያፍራል። ስለዚህ መምህር ሲቀር ክፍል ይጠብቃል፣ ፈተና ያባዛል፣ አርፋጅ ይመዘግባል። ከሁሉ የሚከፋው ቀጪ መሆን ነው። ጠዋት የቀጣችሁት ልጅ ከሰዓት ልቡን አይከፍትላችሁም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ከአማካሪው ሰዓት ቢያንስ 80 በመቶው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለተማሪዎች አገልግሎት እንዲውል ይመክራል። አንድ አማካሪ ለ250 ተማሪ እንዲሆንም ይላል። ብዙ ትምህርት ቤት ከዚህ ልክ ርቆ ይገኛል፤ ለዚህ ነው ሰዓታችሁን መጠበቅ ያለባችሁ።

የልምምድ ሰዓትም እንዲሁ ነው። እዚያው አገር ለአማካሪዎች ሥልጠና ዕውቅና የሚሰጠው አካል በመጀመሪያው የተግባር ልምምድ 100 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 40ው ከተገልጋይ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ነው። በመጨረሻው ረዘም ያለ የሥራ ላይ ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) ደግሞ 600 ሰዓት ሲሆን 240ው ፊት ለፊት ነው። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል። ፋይል በማደራጀት ሰዓት የሞላ ሠልጣኝ ግን ወረቀቱን ይዞ ይወጣል እንጂ ሥራውን አይዝም።

ቢሮ ውስጥ ብቻ መቀመጥ

የዚህ ደረጃ አማካሪ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ትንንሽ ቡድኖችን ይመራል። 30 የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ለግማሽ ሰዓት መያዝ የራሱ ጥበብ አለው። ማስተማር የማያውቅ ሠልጣኝ ጎበዝ መምህር ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይይ፤ መምህሯ ልጆቹን እንዴት ዝም እንደምታሰኝ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እንዴት እንደምታሻግራቸው ይመልከት። መምህራንን ማክበርም እዚህ ላይ ይጀምራል። ልጅን ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሳያስፈቅዱ መጥራት ወዳጅ አያፈራም።

ከወላጅ ጋር ፉክክር መግባት

«እኔ ብሆን እንዲህ አላደርገውም ነበር» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ተጠንቀቁ። ወላጅ ያፍራል፣ ይፈራል፤ ቁጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው። ከልጁ መልካም ነገር ጀምሩ፣ ከዚያ «ቤት ውስጥ ምን ይረዳዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተለያይተው በሚኖሩ ወላጆች መካከል ደግሞ ወገን አትያዙ።

ስህተትን ከሱፐርቫይዘር መደበቅ

ጥሩ የሄደውን ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሠልጣኝ ምንም አይማርም። ግራ የገባችሁን ይዛችሁ ግቡ። የአንዱ ልጅ ታሪክ የራሳችሁን ልጅነት ከቀሰቀሰባችሁ እሱንም ተናገሩ። ማታ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ልጅ ካለ የእሱ ጉዳይ በመጀመሪያ ይነሳ።

ሳይሰናበቱ መሄድ

ልምምድ ቀኑ ሲደርስ ያልቃል። ብዙዎች የመጨረሻው ቀን ድረስ ለልጁ አይነግሩትም፤ ማልቀሱን ይፈራሉ። አንድ ትልቅ ሰው ድንገት ለጠፋበት ልጅ ይህ ሁለተኛ መጥፋት ነው። ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲቀር ንገሩት። እኔ ለዚያ ለመኪናው ልጅ ወረቀት ላይ አራት ሳጥኖች ሣልኩለት፤ በተገናኘን ቁጥር አንዱን ያቀልማል። የመጨረሻውን ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ እርሳሱን አስቀመጠና «የሚቀጥለው ሰው መኪና አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። አብረን ሄደን ሳጥኑ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ አሳየሁት። ቀይዋን መኪና ከላይ አደረጋት።