የኩዊልት ዐውደ ርዕይ ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኩዊልት ከሩቅ ሲያዩት በቀለም ያጌጠ ብርድ ልብስ ይመስላል። ሲቀርቡት ግን ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ፊቱ፣ መሃል ላይ የጥጥ ወይም የሱፍ ሙሌቱ፣ ከሥር ገበሩ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከፊት እስከ ገበር ዘልቆ የሚያልፈው ስፌት ነው። ብዙ ጎብኚ ቀለሙን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ስፌቱ ሳይታይ ይቀራል። ከሥራው ግማሹ የቀረበት ያኔ ነው።

በእጅ መንካት

ንጹሕ በሚመስል እጅ ላይም ላብና ቅባት አለ። ቅባቱ አቧራ ይይዛል፤ የላቡ ጨውና አሲድም ዛሬ ባይታይ ውሎ አድሮ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ኩዊልት ደግሞ እንደ ሸሚዝ ታጥቦ አይመለስም፤ ቀለሙ ሊለቅ፣ ሙሌቱም ተሰብስቦ ሊጓጉል ይችላል። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የቦርሳ ዚፕም ክር ይመዛሉ።

በብዙ ዐውደ ርዕዮች ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች ይቆማሉ። ጀርባውን ማየት ከፈለጉ ይጠይቋቸው፤ ጠርዙን ገልጠው ያሳዩዎታል። ሥራቸው ነውና አይፈሩ። ጀርባው ብዙ ይናገራል፤ በመኪና በተሰፋ ኩዊልት ላይ የክሩ ውጥረት ካልተስተካከለ የላዩ ክር ከሥር ነጥብ ነጥብ እያለ ይወጣል።

በአንድ ርቀት ብቻ ማየት

መጀመሪያ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀው ይቁሙ። ከዚያ ወደ 1 ሜትር ተኩል ይጠጉ። በመጨረሻ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይቅረቡ። ሎግ ካቢን የሚባለውን ንድፍ ይውሰዱ፤ በመሃል ያለችን ትንሽ አራት ማዕዘን ቀጫጭን ቅዳጆች ይከቧታል፤ ግማሹ ወገን ደማቅ፣ ግማሹ ደብዛዛ ነው። ከቅርብ የሚያዩት ቅዳጆቹን ብቻ ነው። ራቅ ሲሉ ግን አራት ማዕዘኖቹ በተደረደሩበት አቅጣጫ መሠረት ትልልቅ አልማዞች ወይም እንደ ትልም የተጋደሙ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ይህን ለማየት ከተቸገሩ ዐይንዎን ጨፈን ያድርጉ፤ ካልሆነም በስልክዎ በጥቁርና ነጭ ያንሱት፤ ቀለሙ ሲወጣ የብርሃንና የጨለማው አደራደር ይቀራል።

ስፌቱን ከፊት ለፊት ብቻ መፈለግ

ወደ ጎን ዞር ብለው ጨርቁን በአግድም ይመልከቱት። ስፌቱ የጠበቀበት ቦታ ሲሰረጉድ፣ የላላበት ሲያብጥ በጥላው ይለያል። መሃሉ ጠብቆ ዳሩ ከላላ ጠርዙ ይጨማደዳል፤ ሲሰቀልም ይዋልላል። የሦስት ማዕዘኖቹን ጫፍም ይዩ፤ መጋጠሚያው ጫፉን ከቆረጠው ቅዱ ወይም ስፌቱ ስቷል። የተለመደው የመጋጠሚያ ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጎድል 20 መጋጠሚያ ባለው ረድፍ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

የእጅ ሥራ ሁልጊዜ ይበልጣል፣ ቀጥ ያለ ሁልጊዜ ያምራል ማለት

የእጅ ስፌት በፊትም በጀርባም ሰረዝ ሰረዝ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ክፍተት እየተወ ይሄዳል። የመኪናው መስመር ያልተቋረጠ ነው። በእጅ ሲሆን በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ8 እስከ 10 ስፌት መኖሩ የጎበዝ እጅ ምልክት ነው፤ ይሁንና ከብዛቱ ይልቅ እኩልነቱ ይበልጣል። በመኪና የተሰፋውም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጥምዝ ላይ የስፌቱ ርዝመት ሳይዛነፍ መዞሩንና ክሩ የጀመረበትና ያበቃበት ቦታ መሰወሩን ይመልከቱ።

ደግሞ ሁሉንም በማስመሪያ አይለኩ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት የጊስ ቤንድ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ኩዊልቶች መስመራቸው ይንሻፈፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲታዩ ግን ተመልካቹን ያስደነቀው ያ ነጻነታቸው ነበር።

የአሮጌ ኩዊልት ጉዳትን የብል ሥራ ማድረግ

ቡናማዎቹ ቁርጥራጮች ብቻ ተበልተው ጎረቤቶቻቸው ደህና ከሆኑ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ብል አይደለም። ድሮ ቡናማና ጥቁር ቀለምን ለማጽናት ብረት ይገባበት ነበር፤ ብረቱ ጥጡን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተሠሩ የሐር ኩዊልቶች ላይ ደግሞ ሐሩ ስንጥቅ ስንጥቅ ብሎ ይታያል፤ ክብደት እንዲያገኝ የብረታ ብረት ጨው ስለተጨመረበት ነው። ዕድሜውን ሲገምቱም እጅግ ያረጀውን ጨርቅ ሳይሆን አዲሱን ይፈልጉ፤ ቁርጥራጭ ሳጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ኩዊልቱ ግን ከአዲሱ ጨርቅ በፊት ሊሰፋ አይችልም። አዳራሹ ቢደበዝዝብዎ አይማረሩ፤ ሙዚየሞች ለአሮጌ ጨርቅ ብርሃኑን በ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ የሚወስኑት ብርሃን ያበላሸው ቀለም ስለማይመለስ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ዐይን ይለምደዋል።

መግለጫውን ሳያነቡ ማለፍ

ጨርቁን የገጣጠመውና ስፌቱን ያሳረፈው ሁለት ሰው መሆናቸው የተለመደ ነው፤ መግለጫውን ካላነበቡ ምስጋናው ለአንዱ ብቻ ይሆናል። በባርነት የተወለደችው የአሜሪካ ጆርጂያ ግዛቷ ሐሪየት ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሰፋችው የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት ዛሬ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። የእያንዳንዱ ሥዕል ትርጉም የታወቀው ኩዊልቱን በ5 ዶላር የገዛችው ሴት ሰሪዋ ያለችውን በጽሑፍ ስላስቀረችው ነው።

ፎቶ በግዴለሽነት ማንሳት

አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ፍላሹን ያጥፉ። ከኩዊልቱ መሃል ትይዩ ቆመው ስልኩን ሳያዘነብሉ ይያዙ፤ ካዘነበለ አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። መግለጫውንም አብረው ያንሱ፤ ፎቶውን ለሌላ ሲያሳዩ የሰሪው ስም እንዳይጠፋ። ንድፉን ከፎቶ ገልብጦ ለሽያጭ መሥራት ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሰሪውን «ስንት ጊዜ ፈጀ?» ብቻ ብሎ መመለስ

ይህን ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ውሏል። ይልቅ ይህ ጨርቅ ለምን ከዚያኛው አጠገብ እንደዋለ፣ የትኛው ጥግ እንዳስቸገረና የስፌቱ ንድፍ የተወሰነው ፊቱ ከመገጣጠሙ በፊት ይሁን በኋላ ይጠይቁት።