የሚጥል በሽታ መድኃኒት በደም ሲለካ፦ ውጤቱ ከሕመምተኛው ጋር አልገጥም ሲል

ጎንደር ላብ ውስጥ ቁጭ ብዬ እነዚህን መድኃኒቶች ስለካ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ውጤቱ በአብዛኛው የሚበላሸው ማሽኑ ላይ አይደለም፤ ደሙ እኛ ጋ ሳይደርስ ነው። ካሊብሬሽንና ኮንትሮል (የማሽኑን ልክ ማስተካከልና ማረጋገጥ) ሠርታችኋል ብዬ በቀጥታ ልግባ።

ውጤቱ ከፍ ብሏል፣ ሰውየው ግን ደህና ነው

ይሄ የዘወትር ችግራችን ነው። ምክንያቱም ያው ነው፦ ጠዋት ክኒኑን ውጦ መጥቷል። እኛ የምንፈልገው ከጠዋቱ ክኒን በፊት ያለውን ዝቅተኛውን መጠን ነው። ካርባማዜፒን ከ4 እስከ 12፣ ቫልፕሮኤት ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም በሊትር የምንለው ወሰን ለዚያ ሰዓት የተቀመጠ ነው። ተራው የካርባማዜፒን ክኒን ደግሞ ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከተዋጠ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

አንዲት ልጅ ከቆላ ድባ መጣች። ጠዋት 12 ሰዓት ቤቷ ክኒኗን ዋጠች። ሚኒባስ ጠብቃ፣ ካርድ አውጥታ፣ ተራ ይዛ ደም የሰጠችው 5 ሰዓት ላይ ነው። ካርባማዜፒኑ 13 ሆነ። «በዝቶባታል» ተብሎ ተቀነሰባት። ብዙም ሳይቆይ ምድጃ ዳር ጣላት፤ እጇ ተቃጠለ። ወደ ድሮው መጠን ከተመለሰች በኋላ ክኒኑን ሳትውጥ ተቀዳች፤ 9 ሆነ። መጀመሪያም ልክ ነበረች። ያ እጅ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

መፍትሄው ቀጠሮ ሲሰጥ ይጀምራል። «ክኒንሽን ይዘሽ ነይ፤ ደም እንደሰጠሽ እዚሁ ትውጫለሽ» በሏቸው። አንዲት እናት ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ደሙ እንደተቀዳ ፈትታ፣ እፊቴ በውሃ ዋጠችው። እንዲህ ነው የሚፈለገው።

«መድኃኒት ሳትወስድ ና» ብቻ ብላችሁ ግን አትሸኙ! አንዱ እንዲህ ተብሎ ሦስት ቀን ሙሉ አቋርጦ መናኸሪያ ላይ ጣለው። የሚቆየው የዚያች ጠዋት ክኒን ብቻ ነው፤ እሱም ደም እስኪሰጥ ድረስ። ይሄን አስረግጣችሁ ንገሩ።

የማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ የመታየት ወይም የመንገዳገድ ምልክት ካለ ጠዋትን አትጠብቁ። ያኔውኑ ቅዱ፣ ሰዓቱን ጻፉ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ይሄ እንደኛ አገር የትም ያለ አይመስለኝም። ወረቀቱ ላይ «የመጨረሻ ክኒን 2:00፣ ደም የተቀዳበት 8:00» ይላል። ቫልፕሮኤቱ 52 ነው። ያየው ሁሉ «በስድስት ሰዓቱ 52 ከሆነ ጠዋት ከ50 በታች ይወርዳል፣ ይጨመርለት» ይላል። ደውዬ አጣራሁ። 2:00 ያለው ወንድሙ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። 8:00 ብላ የጻፈችው ነርስ ናት፤ በፈረንጅ ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት። ልዩነቱ 12 ሰዓት ነው። ናሙናው ከዚያ በላይ የሚያምር የለም፤ መጠኑም ወሰኑ ውስጥ ነው። አንድ ስልክ ባይደወል ኖሮ ያለ ምክንያት ሊጨመርለት ነበር።

ስለዚህ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። «ትናንት ማታ 2 ሰዓት»፣ «ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉ። እባካችሁ። ሰዓት የሌለው ወረቀት ይዘው ሲመጡ እኔ ናሙናውን ከመሥራቴ በፊት ሰውየውን ራሱን ፈልጌ እጠይቃለሁ።

ውጤቱ ዝቅ ብሏል

ጾም ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። በሁዳዴ የጠዋቱን ክኒን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆዩ ብዙ ናቸው። 9 ሰዓት ላይ አንዱ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሌላው ይዋጣል፤ ከዚያ በኋላ 18 ሰዓት ባዶ ነው። በረመዳንም ክኒኑ ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሁር ይሸሻል። አትቆጧቸው፤ ከተቆጣችሁ ሁለተኛ እውነቱን አይነግሯችሁም። ለሐኪሙ ንገሩ፣ ሰዓቱን እሱ ያስተካክል። ፌኖባርቢታል ከደም ለመውጣት ቀናት ስለሚፈጅ በጥቂት ሰዓት መዘግየት ብዙም አይናወጥም። ጸበል ገብተው ያቋረጡትንም በዚያው በለሆሳስ ጠይቁ።

ቀጥሎ ቱቦውን እዩ። ቢጫ ክዳን ያለው፣ ጄል ያለበት ቱቦ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉትን መድኃኒቶች ወደ ጄሉ ይመጥጣል። ደሙ ትንሽ ከሆነና ጄሉ ላይ ካደረ ይብሳል። ለፕላዝማ (ካልረጋ ደም ለሚለየው ፈሳሽ) ሄፓሪን ወይም ኢዲቲኤ ያለበት፣ ለሴረም (ከረጋ ደም ለሚለየው ፈሳሽ) ጄል የሌለው ቀይ ክዳን ይሁን። ሰማያዊው ውስጥ ፈሳሽ ስላለ ያቀጥናል፤ አትጠቀሙበት። ቀይ ጠፍቶ ቢጫ ብቻ ካለ ቶሎ ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ፣ ሴረሙን ወዲያው ወደ ሌላ ቱቦ ገልብጡ።

ክረምት ላይ ክኒኑን አስመጥታችሁ እዩት። ካርባማዜፒን እርጥበት ካገኘው ይደርቅና ሆድ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ኃይሉን እስከ ሲሶ ሊያጣ ይችላል። በወረቀት ጠቅልሎ መስጠት የሚባለው ነገር ይቅር።

ፌኒቶይን ዝቅ ብሎ ሰውየው ግን ከተንገዳገደ አልቡሚኑን፣ ማለትም ደም ውስጥ መድኃኒቱን የሚይዘውን ፕሮቲን፣ አስለኩ። አልቡሚኑ 2 ግራም በዴሲሊትር ከሆነ በወረቀት 8 የሆነው ፌኒቶይን በስሌት ወደ 16 ይጠጋል። በ8 ተደናግጦ መጠን መጨመር አደጋ ነው፤ ፌኒቶይን በትንሽ ጭማሪ ሽቅብ የሚፈናጠር መድኃኒት ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ካለም ጻፉልን። አይሶኒያዚድ ፌኒቶይንን ከፍ ያደርጋል፣ ሪፋምፒሲን ያወርደዋል።

ማሽኑ ራሱ ሲያስቸግር

መብራት ሄዶ ሲመለስ የኤችፒኤልሲው (መድኃኒቱን ለይቶ የሚለካው ማሽን) ግፊት ከጨመረ፣ ኮለኑ (መድኃኒቱ የሚለይበት ቱቦ) ውስጥ የቀረው የፎስፌት ባፈር፣ ማለትም የጨው ውህድ፣ ጨው ሠርቷል። በውሃ፣ ቀስ ባለ ፍጥነት እጠቡት። ከባፈር በቀጥታ ወደ ንጹህ አሴቶናይትራይል አትሻገሩ፤ መሃል ላይ ውሃ የበዛበት ድብልቅ ይለፍ። ማታ ስትወጡም ባፈር ውስጡ ትታችሁ አትሂዱ።