ቢጫ የሆነውን የመኪናዬን የፊት መብራት እንዴት እንዳጠራሁት

ማታ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ የመኪናዬ መብራት የሚሻገረውን እግረኛ በቅጡ አላሳይ ስላለኝ አምፖሉን ሁለት ጊዜ ለወጥኩ፤ ችግሩ ግን ቢጫ ሆኖ የደፈረሰው የመብራቱ ሽፋን ነበር። ሽፋኑ መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ስስ መከላከያ በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እየተበላ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ራሱ ይጎዳል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል።

በጥርስ ሳሙና ያደረግሁት ሙከራ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ አገለገለ። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ 800፣ 1500 እና 2000 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ፤ የመኪናው ቀለም እንዳይጫር በመብራቱ ዙሪያ ፕላስተር ለጠፍኩና በውኃ እያራስኩ በ800 ቁጥር መፈተግ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ቢጫ ነበር፤ ነጭ እስኪሆን ካልተፈተገ አሮጌው መከላከያ ሙሉ በሙሉ ስላልተነሣ፣ እዚህ ላይ መቸኮል ፈጽሞ አይገባም። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ከቀድሞው ብሶ እንደ ወተት ስለሚነጣ ያስደነግጣል፤ በቀሪዎቹ ቁጥሮች አቅጣጫ እየቀየሩ ሲፈትጉት ግን ጭረቱ እየለሰለሰ ይሄዳል።

በመጨረሻ በአልኮል ጠርጌ ካደረቅሁት በኋላ አቧራ በሌለበት ጥላ ሥር አልትራቫዮሌት የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ ቅብ) በስሱ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ የቀረውን ስስ ጭረት ክሊሩ ስለሚሞላው ፖሊሽ አላስፈለገኝም። ክሊር መርጨቱ ከተዘለለ ቢጫው በወራት ውስጥ ይመለሳል። በማግስቱ ማታ በዚያው ዳገት የእግረኛ ማቋረጫውን ነጭ መስመር ከሩቅ አየሁት።