ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሲታይ፦ ሕክምናን ዲጂታል ስናደርግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ሆስፒታል ሄዶ የታከመ ሰው ካርድ ክፍልን ሳያውቅ አይቀርም። በተለይ የሰኞ ጠዋቱን። ከደላንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከባቲ፣ ከአፋርም ጭምር የመጣ ሰው መስኮቱ ፊት ይሰለፋል። የቀጠሮ ወረቀቷ አራት ላይ ተጣጥፋ፣ ቁጥሯ ደብዝዞ ከኪስ ትወጣለች። "ካርድዎ አልተገኘም" ከተባለ የዚያ ሰው ቀን አለቀ።

እኔ ከመስኮቱ ወዲያኛው በኩል ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ሙያዬ የጤና መረጃ ነው፤ ሰው "ኤች አይ ቲ" ይለናል። አሁን በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ ተቋማት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲሻገሩ አግዛለሁ። ይህ ሥራ የአገሪቱን ሕክምና ሊቀይረው እንደሚችል ከልቤ አምናለሁ። ጤና ኬላ ላይ የተጻፈው ሆስፒታል ላይ ሊነበብ ይችላል። መድኃኒት ሳያልቅ ማለቁ ሊታወቅ ይችላል። ኩፍኝ በአንድ ቀበሌ ሲነሳ በዚያው ሳምንት ሊታይ ይችላል።

ሲበላሽ ያየሁት ግን ሁልጊዜ እዚያው መስኮት ላይ ነው። በስም፣ በቀን፣ በመብራት። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ስምን በፈረንጅ ቅጽ መመዝገብ

በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ለስም ሁለት ሳጥን ብቻ ይሰጣል፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ መዝጋቢ ሁለተኛው ሳጥን ላይ የአባትን ስም ይጽፋል። ሌላው የአያትን ይጽፋል። ሦስተኛው ሁለቱንም አጣብቆ ያስገባል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰውዬው "አልተመዘገቡም" ይባላሉ።

ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መሐመድ የሚለውን ስም አስቡት። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሞሐመድ እያልን እንጽፈዋለን። በላቲን ፊደል ሲሆን ዝርዝሩ ይረዝማል። ሰይድና ሰኢድ፣ ሁሴንና ሑሴን፣ ፀሐይና ጸሀይ እንደዚያው ናቸው። ለሰው ዓይን አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ አይተዋወቁም።

በአንድ ተቋም አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት በሦስት ካርድ ቁጥር ተመዝግበው አገኘኋቸው። ስማቸው በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። በአንደኛው ማህደር ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በግልጽ ሰፍሯል። በሁለቱ ላይ ምንም የለም። የትኛው ማህደር ሐኪሙ ፊት እንደሚከፈት የሚወስነው የዚያን ቀን መዝጋቢ የፊደል ምርጫ ነበር። ያን ቀን እጄ ቀዝቅዞ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሦስት የስም ሳጥን ይኑር። የእናት ስም ይጨመር፤ ሞክሼ ስሞችን እንደሱ የሚለይ ነገር አላየሁም። ፍለጋው ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ፣ ሰና ሠን እንደ አንድ፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ ይደረግ። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከገዛችሁ በኋላ ማስተካከሉ ሌላ ክፍያ ነው። አዲስ ካርድ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ በስምም፣ በስልክም፣ በቀበሌም ይፈለግ።

ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 12 አሃዝ ቁጥር በፊደል አይሳሳትም። ነገር ግን ራሱን ስቶ የመጣ ሰው፣ ምጥ ላይ ያለች እናት፣ ዛሬ የተወለደ ሕፃን ፋይዳ ቁጥር ይዘው አይመጡም። ቁጥር ሳይሞላ ወደ ሚቀጥለው ገጽ የማያሳልፍ ፕሮግራም አትቀበሉ።

ቀንና ሰዓትን እንደ መጣ መተው

አንዲት እናትን "እማማ፣ የተወለዱት መቼ ነው?" አልኳቸው። "የስድሳ ስድስቱ ድርቅ ሊገባ ሲል ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ለወሎ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ የለም። ኮምፒውተሩ ግን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልተሞላ አላልፍም አለ። መዝጋቢ ሲጨንቀው መስከረም 1 ብሎ ይሞላል። ሰነባብታችሁ ዝርዝሩን ስታዩ በእንቁጣጣሽ የተወለደው ሰው ብዛት ያስደነግጣል። "ዕድሜ በግምት" የሚል አንድ ምርጫ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የሕፃናቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። በእኛ አቆጣጠር በ2017 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ ሰባት ዓመት ይጨመርለታል። የ45 ቀን ክትባቱን ሳይወስድ ፕሮግራሙ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ከዚያ "ክትባት ያልጀመሩ ሕፃናት" ከሚለው ዝርዝር ይወጣል። ማንም አይፈልገውም። ፕሮግራሙ የእኛን 13 ወር ይወቅ፤ ጳጉሜን ጨምሮ።

ሰዓቱም አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር የአልትራሳውንድ ቀጠሮ በስልክ መልእክት ደረሳት። "09:00" ይላል። ከገጠር መጥታ ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር፣ ዘመድ ቤት አድራ ነበር። ጠዋቱን በሙሉ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች። ምሳ በላች። ከቀኑ 9 ሰዓት ስትመጣ ክፍሉ የዕለቱን ሥራ ጨርሶ ነበር። ሴትየዋ አልተሳሳተችም። መልእክቱን አሳየችኝ፤ ዘጠኝ ይላል። "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ብሎ መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል?

መዝገቡንም ኮምፒውተሩንም በአንድ ነርስ ላይ መጫን

ነርሷ ሕፃኑን ትመዝናለች። ክብደቱን ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ትልቁ መዝገብ ላይ ትገለብጣለች። ታሊው፣ ማለትም የቆጠራ ቅጹ፣ ላይ ጭረት ታደርጋለች። ከዚያ "ኮምፒውተሩ ላይም አስገቢ" ትባላለች። ውጭ ሠላሳ እናት ልጅ አዝላ ቆማለች። ምን ታደርጋለች? ኮምፒውተሩን ለማታ ታቆየዋለች። ማታ ከትዝታዋ ትሞላለች። እሷን ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ለጥቂት ጊዜ ግድ ነው። ግን ማብቂያ ቀን ይኑረው። "ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህ መዝገብ ይቆማል" የሚል ደብዳቤ ከኃላፊው ካልወጣ ወረቀቱ አይቆምም፤ ማንም በራሱ ደፍሮ አያቆመውም።

ሥራውን የሚሠራው ሰው ሳይጠየቅ የሚወርድ ፕሮግራም ሀብታም አገርም ላይ አልሠራም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የአገሪቱን ሆስፒታሎች በሙሉ ከላይ በታቀደ አንድ ፕሮግራም ልታገናኝ ተነሳች። ቢሊዮኖች ፓውንድ ፈሰሰበት። በ2011 እንዲበተን ተወሰነ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ በጊዜው በቅጡ አልተሰሙም ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ሁሌም አለ ብሎ ማቀድ

እዚህ ላይ እኛ ለማንም አናስተምርም፤ ኖረነዋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ፕሮግራም በዚያ ጊዜ ዕቃ ነው። ለዚህ ነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚጠቀሙበትን የማህበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት አሠራር የምወደው። ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የሆስፒታሉም እንዲሁ ይሁን። ሰርቨሩ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ግቢው ውስጥ ቢሆን ውጭው ቢቋረጥ ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪና ፋርማሲ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ለክፉ ቀን የሚሆን የወረቀት ቅጽ ይቀመጥ። ስንቴ ተፈልጎ ሲታጣ አይቻለሁ።

ሌላው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። በ2014 በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን እዚህ አገር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ወድሞ ነበር። በዚያ ሰሞን ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የገባ የልብ ወይም የስኳር ሕመምተኛ የሚወስደውን መድኃኒት በቃሉ ካልተናገረ ማን ሊነግርለት ይችላል? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የታካሚ መረጃ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ቅጂው በቁልፍ ተቆልፎ ሌላ ከተማ ይኑር። በየሦስት ወሩም እውነት ይከፈት እንደሆነ ይሞከር። ተቀድቷል የተባለ ሁሉ አይከፈትም።

ምስጢርን ለበኋላ ማቆየት

ወረቀት ማህደር ሲጠፋ የአንድ ሰው ነው የሚጠፋው። ኮምፒውተር ሲከፈት የሁሉም ነው። እኔ ግን የይለፍ ቃል በሕክምና ፕላስተር ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ስክሪኑ ራሱ ወደ ወረፋው ዞሮ አይቻለሁ። ስምና ካርድ ቁጥር የሚታይበት የላብራቶሪ ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ ሲላክ አይቻለሁ። ላኪው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ከፍተኛ ሐኪም ሊያማክር ነበር።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው አንዱ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። ከሕጉ በፊት ግን ስክሪኑን ማዞር ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ መስጠት ይቻላል። መልእክት ሲላክ ደግሞ ስልኩ የማን እንደሆነ አስቡ። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው ወይም የልጅ ነው። "የኤች አይ ቪ ክትትል ቀጠሮዎ ነገ ነው" የሚል አጭር ጽሑፍ ትዳር ያፈርሳል። "ነገ ቀጠሮ አለዎት" ይበቃል።

እርስ በርስ የማይነጋገሩ ፕሮግራሞችን መሰብሰብ

ይሄኛውን ለማየት ሆስፒታል በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መቆም ነው። የጤና መድን መታወቂያ ኮፒ፣ የሪፈር ወረቀት ኮፒ። ተሁለደሬ ወረዳ ከደሴ ቅርብ ናት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር እሷ አንዷ ነበረች። ዛሬም ከወረዳዋ ከተማ ከሐይቅ የመጣ አባወራ መድን እንዳለው የሚያስረዳው በወረቀት ነው። የመድኑ ፕሮግራም ሌላ፣ የላብራቶሪው ሌላ፣ የፋርማሲው ሌላ ከሆነ በመካከላቸው የሚመላለሰው ሕመምተኛው ራሱ ነው። አዲስ ፕሮግራም ሊሸጥላችሁ የመጣን ሰው ስለ ማማሩ አትጠይቁት። "ካለኝ ጋር ይነጋገራል?" በሉት። በቃልም አትመኑ፤ አንድ የላብራቶሪ ውጤት ፊታችሁ አሳልፎ ያሳያችሁ።

መረጃን ወደ ላይ ብቻ መላክ

ከእኛ ቁልቁል ያሉት አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይለዋወጣል። ሰጥቶም ተቀብሎም ነው የሚለያየው። የሚገርመው፣ በጤና ተቋማት የመድኃኒት ክምችት የሚመዘገብበት ፕሮግራምም ዳጉ ነው ስሙ። የቀረው አሠራራችን ግን እንደ ዳጉ አይደለም። ወሩ 20 ሲደርስ ሪፖርት ይዘጋል። ቁጥሩ በዲ ኤች አይ ኤስ ቱ፣ የጤና ሪፖርት በሚሰበሰብበት ፕሮግራም፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ሚኒስቴር ይሄዳል። ወደ ሰጪው የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ለምን እንደምትሞላ ያላየች ሠራተኛ ነገ በጥንቃቄ አትሞላም።

ኮምቦልቻ አጠገብ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተቀምጬ ነበር። ታብሌቷን ለሪፖርት ብቻ ነበር የምታውቀው። የራሷን ቀበሌ ሕፃናት በዕድሜ ደርድረን የ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ያለፋቸውን ለየን። ሰባት ስም ወጣ። አንድ በአንድ አየቻቸው። "ይቺ እኮ የጎረቤቴ ልጅ ናት" አለች። ሰባቱንም ስም መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ባትሪው ሊያልቅ ነበር። ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።