ኤል-ዋይ የት ይግባ፣ የት ይቅር? የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ችግርና መፍትሄ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የስምንተኛ ክፍል ልጆችም ሥራ ፈላጊዎችም ይመጣሉ። ቅጽልን (ስምን የሚገልጽ ቃል) መጨረሻው ላይ ኤል-ዋይ (ly) እየጨመሩ ወደ ተውሳከ ግስ (ግስን የሚገልጽ ቃል) ሲቀይሩ የሚሳሳቱበት ቦታ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው።

ምልክት፦ «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ጉድ»።
መንስኤ፦ አማርኛችን ይፈቅዳል። «ጥሩ ተማሪ» እንላለን፤ «ጥሩ ትናገራለች»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል።
መፍትሄ፦ ቃሉ የሚገልጸው ስምን ነው ወይስ ግስን? ስምን ከሆነ ቅጽሉን እንዳለ ተዉት። ግስን ከሆነ ስሎው ስሎውሊ፣ ኩዊክ ኩዊክሊ ይሆናል። ጉድ ግን ዌል ነው።

ምልክት፦ ቃሉ ትክክል፣ ስፔሊንጉ ስህተት።
መንስኤ፦ በጆሮ ብቻ መጻፍ።
መፍትሄ፦ ሃፒ ሃፒሊ ሲሆን ዋይ ወደ አይ ይቀየራል። ጀንትል ጀንትሊ ሲሆን የመጨረሻዋ ኢ ወጥታ ዋይ ትገባለች። ኬርፉል ኬርፉሊ ሲሆን ኤል ሁለት ነው። ቤዚክ ቤዚካሊ ይሆናል፤ ፐብሊክ ግን ፐብሊክሊ ነው።

ምልክት፦ «አይ ዎርክ ሃርድሊ»።
ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ እንጀራ ያሳጣልና። ሰሞኑን አንድ ልጅ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላለ ፋብሪካ የጻፈውን ማመልከቻ አሳየኝ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ይህችው ዓረፍተ ነገር አለች። ጠንክሬ እሠራለሁ ማለቱ ነበር። ለቀጣሪው የምትነግረው ግን «ብዙም አልሠራም» ነው።
መንስኤ፦ ኤል-ዋይ የሌለው ተውሳከ ግስ የለም ብሎ ማመን።
መፍትሄ፦ ሃርድ እና ፋስት ሳይለወጡ ለቅጽልም ለተውሳከ ግስም ያገለግላሉ። «አይ ዎርክ ሃርድ» በሉ። ፋስትሊ አይባልም። ሌት ደግሞ አርፍዶ ማለት ነው፤ ሌትሊ ሲሆን ሰሞኑን ማለት ይሆናል። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት አደራ፣ እነዚህን አንድ በአንድ እዩ።

ምልክት፦ «ሂ ስፖክ ፍሬንድሊ»።
መንስኤ፦ መጨረሻው ያታልላል። ፍሬንድሊ እና ላቭሊ ቅጽል ናቸው።
መፍትሄ፦ «ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ»።

ምልክት፦ «ዘ ኮፊ ስሜልስ ናይስሊ»።
መንስኤ፦ ግስ ባዩ ቁጥር ኤል-ዋይ መጨመር። እዚህ ግን የሚገለጸው ቡናው ራሱ ነው። ሉክ፣ ቴስት እና ፊል የሚሉት ግሶችም እንዲሁ ናቸው።
መፍትሄ፦ ግሱን በ«ኢዝ» ቀይሩት። «ዘ ኮፊ ኢዝ ናይስ» ስለሚያስኬድ «ስሜልስ ናይስ» ትክክል ነው። «ሺ ሉክድ ኬርፉሊ አት ዘ ማፕ» ላይ ግን «ኢዝ» ብታስገቡ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ልጅቷ ካርታውን እያየች ነው፤ ድርጊት ስለሆነ ኬርፉሊ ይቀመጣል።