አማርኛው የገባበት እንግሊዝኛ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ማረሚያው

በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ስህተቱ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ አማርኛ ነው። ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት «ይህን በአማርኛ እንዴት እለው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መንስኤው ያኔ ይታያል።

«ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት ኢዝ ጉድ»
ትርፏ «ኢት» ናት። «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች፤ ጸሐፊው እሷኑ ነው ወደ «ኢት» የቀየራት። በእንግሊዝኛ ግን ያንን ሥራ «ዊች» ይዞታል። «ዊች»፣ «ሁ» ወይም «ዛት» ያለበትን ሐረግ አስምሩበት። ከግሱ ቀጥሎ «ኢት»፣ «ሂም» ወይም «ዜም» ካለና ያንኑ ስም የሚተካ ከሆነ ሰርዙት። በጅምላ ግን አትሰርዙ፤ «ዘ ማን ሁ ሶልድ ኢት» ሲባል «ኢት» የተሸጠው ዕቃ እንጂ ሰውዬው ስላልሆነ ይቆያል።

«ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ካም»
ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ሰዋስዉ ስለማይዛነፍ የኮምፒውተር ማረሚያም ላያስቆመው ይችላል። «እመጣለሁ አለኝ» ስንል የሚመጣው እሱ ነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ የሚረዳው ግን የምመጣው እኔ እንደሆንኩ ነው። መጀመሪያ አማርኛውን «እንደሚመጣ ነገረኝ» ብላችሁ አስተካክሉ፤ እንግሊዝኛው «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ካም» ሆኖ ይከተላል።

«አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ»
«ትናንት አይቼዋለሁ» ለጆሯችን ምንም አይጎረብጥም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «አጎ» ወይም ያለፈ ዓመተ ምህረት ካለና «ሲንስ» ካልቀደመው «ሃቭ» ይውጣ፦ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ»።

ቀላሎቹን በአንድ ትንፋሽ እንለፋቸው። «ምንም እንኳ… ግን» ስለምንል «ኦልዞው… በት» ይደረባል፤ አንዱን አጥፉ። «ስለ» ያመጣውን «አባውት» ከ«ዲስከስ» ቀጥሎ ሰርዙት። «ሁለት መጽሐፍ» ያስኬዳል፣ «ቱ ቡክ» ግን «ቱ ቡክስ» መሆን አለበት።

«ሺ ኢዝ ቲቸር»
«አስተማሪ ናት» ስንል ከስሙ ፊት ምንም አናስቀምጥም፤ ስለዚህ «ኤ» ትረሳለች። የሚቆጠር ነጠላ ስም ብቻውን ከቆመ ፊቱ «ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ»፣ ወይም እንደ «ማይ» ያለ ቃል ይፈልጋል። ይህን እርማት መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ዓረፍተ ነገሩ ገና ሲለዋወጥ ያረማችሁት ይበላሻል።

«ኤ» ወይስ «አን» ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ የሚቀጥለውን ቃል በፊደላችን ጻፉት። የሚወስነው ድምፁ ስለሆነ ከ«አ» እስከ «ኦ» ባለው ረድፍ ከጀመረ «አን» ነው፦ አን አወር፣ አን ኦነስት ማን። «ዩኒቨርሲቲ» በ«ዩ» ስለሚጀምር «ኤ ዩኒቨርሲቲ» እንላለን፣ በእንግሊዝኛው ፊደል በአናባቢ ቢጀምርም።