ፓይክን ከመንጠቆ ለማላቀቅ የትኛው መሣሪያ ይገዛ? የትኛውስ ይቅር?

ፓይክ በኢትዮጵያ ውኆች የማይገኝ፣ በአውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። ስዊድኖች «ዬዳ»፣ ጀርመኖች «ሄኽት» ይሉታል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ እያጠመደ ያደገ ሰው መንጠቆን በሁለት ጣቱ ነቅሎ ማውጣት ልማዱ ስለሆነ፣ ይህንኑ ልማድ ይዞ ስቶክሆልም አጠገብ ወዳለው ሜላረን ሐይቅ ሲወርድ ገና በመጀመሪያው ፓይክ ይቀጣል። እኔም ተቀጥቻለሁ። ማጥመጃዬ ሁለት ባለ ሦስት ሹል መንጠቆዎች ነበሩት፤ አንዱ በዓሣው መንጋጋ ላይ እንደተተከለ ዓሣው ሲወራጭ ሌላው አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። በእጄ የነበረችው አጭር ፒንሳ ለምንም አልበጀችም፤ ከዓሣው ጋር ተሰፍቼ የቆየሁት አብሮኝ የነበረው ሰው ሽቦ መቁረጫ አምጥቶ መንጠቆውን እስኪቆርጠው ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ስመርጥ የምጠይቀው ሥራው በሰላም ሲሄድ የሚያገለግለው የትኛው እንደሆነ ሳይሆን፣ ሲበላሽ የሚያወጣኝ የትኛው እንደሆነ ነው።

መሣሪያውን ለመምረጥ አስቀድሞ የዓሣውን አፍ ማወቅ ያስፈልጋል። በታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ የተተከሉት ትልልቅ ጥርሶች ያደነውን የሚወጉ ሲሆኑ፣ በላንቃው ላይ እንደ ብሩሽ የተደረደሩት ትንንሾቹ ደግሞ ጫፋቸው ወደ ጉሮሮ ያዘነበለ ነው፤ ስለዚህ ዓሣም ይሁን ጣት፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይንሸራተታል፣ ሲወጣ ግን ይቧጨራል። አፉ ረጅምና ጠፍጣፋ በመሆኑም ጉሮሮው አጠገብ የተተከለ መንጠቆ በትልቅ ዓሣ ላይ ከከንፈሩ ብዙ ርቆ ይገኛል። ከጎን በኩል፣ ከስንጥቡ ክዳን ሥር፣ ዓሣው የሚተነፍስበት ቀይ ስንጥብ አለ። ስንጥቡ በደም የተሞላና በቀላሉ የሚቀደድ ስለሆነ መንጠቆም ጣትም ሊነካው አይገባም።

የመጀመሪያው ግዢ ረጅም መቆንጠጫ ነው። ሐኪሞች የሚደማን የደም ሥር ጨብጠው የሚይዙበት፣ እንደ መቀስ ሁለት የጣት ቀለበት ያለውና ሲጨመቅ የሚቆለፈው ዓይነት ለዓሣ አጥማጆች በረጅሙ ተሠርቶ ይሸጣል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለው ይመረጥ። የ15 ሴንቲ ሜትሩ በመደብር ውስጥ ሲታይ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን መጠኑ የሚለካው ከጫፍ እስከ ቀለበት በመሆኑ፣ ጉሮሮው ዘንድ ለመድረስ ሲባል ቀለበቱን የያዘው እጅ ራሱ ጥርሶቹ መካከል ይገባል። ሲገዙ ቀለበቶቹ ውስጥ ጣትን በጓንት አስገብቶ መሞከር ይበጃል፣ ምክንያቱም ፓይክ በብዛት የሚጠመደው በአውሮፓ መኸርና ክረምት፣ ጣት በብርድ በሚደነዝዝበት ወቅት ነው። የመቆንጠጫው ሁለት ከንፈሮች ሲዘጉ ብርሃን በመካከላቸው መታየት የለበትም፤ ክፍተት ካለ መንጠቆው ሲጎተት ይሾልካል። ቀጥ ያለውና ጫፉ የታጠፈው ሁለቱም ይሸጣሉ። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ቀጥ ያለውን ይውሰድ፤ ጫፉ የታጠፈው የሚጠቅመው ወደ ኋላ እንደምገልጸው በስንጥቡ ክዳን በኩል መግባት ሲያስፈልግ ነው። ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳም ጥሩ አቅም አለው፣ በተለይ በወፍራም አጥንት ላይ የተተከለ ትልቅ መንጠቆን ለማጠማዘዝ፤ ሆኖም አፍንጫው ስለሚሰፋ በጠባብ ቦታ ላይ መንጠቆውን ከእይታ ይጋርዳል።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ግን ከመጀመሪያው የማያንሰው፣ መቁረጫ ነው። ብዙ ጀማሪ መቁረጫን የሚያስበው እንደ ቅንጦት ነው፤ መንጠቆ ዋጋ አለው፣ ለምን ይቆረጣል ይላል። ይሁንና መንጠቆ ከማጥመጃ ዕቃዎች ሁሉ በርካሽ የሚተካው ሲሆን፣ የተቆረጠበት ሰከንድ ደግሞ ዓሣውን ከውኃ ውጭ ከሚያቆዩት ደቂቃዎች ያድነዋል። ባለ ሦስት ሹል መንጠቆ ሁለቱ ሹሎቹ ሥጋ ውስጥ ገብተው ሲቆለፉ፣ አንዱን ለማውጣት የሚደረገው መዞር ሌላውን ወደ ውስጥ ይሰደዋል፤ በዚህ ጊዜ ሹሎቹን ከአንገታቸው ቆርጦ መለየትና እያንዳንዱን በየራሱ ማውጣት ከማንኛውም ትግል ይሻላል። የአጥማጁ እጅና የዓሣው አፍ በአንድ ማጥመጃ ሲያያዙ ደግሞ ከመቁረጫ በቀር የሚለያያቸው የለም።

የሁሉም መቁረጫ አቅም ግን አንድ አይደለም። ለመዳብ ሽቦ የተሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መቁረጫ በጠንካራ ብረት የተሠራን ትልቅ መንጠቆ ሲገጥመው ምላጩ ይጎደጉዳል። ለጠንካራ ሽቦ መሠራቱ በማሸጊያው ላይ የተጻፈበት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና በእጥፍ መጋጠሚያ ኃይል የሚያበዛው ዓይነት ተመራጭ ነው። የጀርመኑ ክኒፔክስ ኮቦልት የሚባለው የ20 ሴንቲ ሜትር መቁረጫ በፓይክ አጥማጆች እጅ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለዚህ ነው። የተሠራው ለዓሣ ሳይሆን ለብረት ሥራ በመሆኑም የሚገኘው በሕንጻ መሣሪያ መደብር ነው። ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ ሐይቅ ዳር መሆን የለበትም። ካለዎት መንጠቆ ሁሉ ወፍራሙን ወስደው፣ የሚፈናጠረው ቁራጭ ዓይን እንዳይመታ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ቤት ውስጥ ይቁረጡት፤ በአንድ እጅ መቁረጥ ካልቻሉ ያ መቁረጫ ለእርስዎ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው እጅዎ ሁልጊዜ ዓሣውን ይዞ ነው የሚገኘው።

መረቡም ከማላቀቂያ መሣሪያዎች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባዋል። ቋጠሮ ባለው የናይለን መረብ ውስጥ መንጠቆዎቹ ከዓሣው አፍ ይልቅ ከመረቡ ጋር ይጠላለፋሉ፣ ክንፎቹም ይሰነጠቃሉ፤ በጎማ የተለበጠ፣ አፉ ሰፊና ጥልቀት ያለው መረብ ከተያዘ ግን ዓሣው ከውኃ ሳይወጣ መረቡ ውስጥ ቆሞ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ብቻ የተያዘ ፓይክ እዚያው ውኃው ውስጥ፣ በመቆንጠጫው አንድ ንቅነቃ ሊላቀቅ ይችላል። ወደ መሬት ማውጣት ካስፈለገ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ከ1 ሜትር የማያንስ ምንጣፍ ይዘርጋና በውኃ ይራስ፤ ደረቅ ምንጣፍና ደረቅ ሣር ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፉታል። የጀልባ ወለል ከድንጋይ አይሻልም፣ በፀሐይ የጋለ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ጓንትን በተመለከተ አጥማጆች አይስማሙም። ለጀማሪ በግራ እጅ፣ ማለትም ዓሣውን በሚይዘው እጅ ላይ፣ ልስልስ ያለ ጎማ የተለበጠ ቀጭን ጓንት ይበቃዋል። የሹራብ ጓንት ሁለት ጉዳት አለው፦ ልጋጉን ይጠርጋል፣ መንጠቆም ሲይዘው እጁን በሙሉ ከሚወራጨው ዓሣ ጋር ያስረዋል። መቁረጥን እንጂ መወጋትን የማይከላከሉ ጓንቶች እንዳሉም መዘንጋት የለበትም፤ በቢላ የማይቆረጥ ጨርቅ የመንጠቆን ሹል አያቆምም።

በየመደብሩ ግድግዳ ላይ በብዛት ተሰቅለው የማያቸው፣ እኔ ግን እንዲገዙ የማልመክራቸው ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው በስፕሪንግ ኃይል መንጋጋዎቹን የሚፈለቅቀው የአፍ መክፈቻ ነው፤ ጫፎቹ ሥጋ ይወጋሉ፣ በትንሽ ዓሣ ላይ ደግሞ መንጋጋ እስኪጎዳ ድረስ ይከፍታሉ። ዓሣው በአገጩ በኩል በትክክል ከተያዘ አፉ ራሱ ስለሚከፈት አስፈላጊም አይደለም። ሁለተኛው የታችኛውን ከንፈር ነክሶ የሚይዘው መያዣ ነው። ዓሣውን ውኃ ውስጥ ለማረጋጋት ቢያገለግልም፣ ከባድ ፓይክን በእርሱ አንጠልጥሎ ማንሳት ክብደቱን በሙሉ በአንድ መንጋጋ ላይ ማሳረፍ ነው። ፓይክ ከ20 ኪሎ በላይ ሊሆን እንደሚችል፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተያዘውም 25 ኪሎ ገደማ እንደነበር ሲታሰብ የጉዳቱን ልክ መገመት አያዳግትም። ለመመዘን ከተፈለገ ዓሣው ተጋድሞ የሚመዘንበት የእርጥብ ጨርቅ ከረጢት አለ።

አንዳንዱ ዝግጅት ምንም የማይገዛበት ነው። በመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቆ መደምሰስ የማላቀቁን ሥራ ከግማሽ በላይ ያቀልለዋል፤ ክሩ እስካልላላ ድረስ ዓሣው እምብዛም አያመልጥም። ከማጥመጃው በላይ የሚታሰረው የብረት ክርም ግዴታ ነው፤ ፓይክ ተራውን ክር በጥርሱ በጥሶ መንጠቆውን በአፉ እንደያዘ ይሄዳልና። በሞተ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ተንሳፋፊው እንደሄደ ወዲያው ዘንጉን ቢያነሳ ዓሣው የመዋጥ ጊዜ አያገኝም።

ሥራው ሲጀመር መሣሪያዎቹ በሙሉ ከምንጣፉ ቀኝ ተዘርግተው መቆየት አለባቸው፣ ግራኝ ለሆነ በግራ። ዓሣው በመረቡ ውስጥ ሆኖ መንጠቆዎቹ የት የት እንዳሉ ይታይ፣ በተለይም አፉ ውስጥ ያልገባውና የተንጠለጠለው መንጠቆ፣ እጅ የሚወጋው እርሱ ነውና። ከዚያ ዓሣው ምንጣፉ ላይ ይጋደማል፣ የግራ እጅ ጣቶችም ከስንጥቡ ክዳን ሥር ገብተው በክዳኑ ጠርዝ ተከትለው ወደፊት፣ ሁለቱ የመንጋጋ አጥንቶች እስከሚገናኙበት ድረስ ይንሸራተታሉ። በዚያ መንገድ ጥርስ የለም፤ ቀዩ ስንጥብ ከጣቶቹ በስተኋላ መቅረት አለበት። አገጩ ትንሽ ቀና ሲል አፉ ይከፈታል፣ መቆንጠጫውም መንጠቆውን ከመታጠፊያው ይዞ፣ በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

መንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ ከሆነ በኃይል መጎተት አይገባም። የብረት ክሩ በዝግታ ሲሳብ መንጠቆው ወደ እይታ ይመጣል፤ ከፊት በኩል መድረስ ካልተቻለ ጫፉ የታጠፈው መቆንጠጫ ስንጥቡን ሳይነካ በስንጥቡ ክዳን በኩል ይገባና መንጠቆውን ይገለብጠዋል፣ ሹሎቹ ወደ ታች ሲዞሩም ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይወጣል። ሁለት ሙከራ ካልተሳካ መቁረጫው ይነሳ፤ የሚታየው ሹል ሁሉ ይቆረጥና ቀሪው ይውጣ። ከውኃ ውጭ ያለው ጊዜ በሰከንዶች ቢለካ መልካም ነው። ፎቶ የሚፈልግ ሰው ካሜራው ሳይዘጋጅ ዓሣውን አያውጣ፣ በአውሮፓ በጋ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ደግሞ ፓይክን ጨርሶ ባያጠምድ ይመረጣል፤ በሞቀ ውኃ የደከመ ፓይክ ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላልና።

ስንጥቡ ተቀድዶ በብዛት የሚደማ ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ ደንቡ ከፈቀደ ወዲያው ጭንቅላቱን በከባድ ዱላ መትቶ መግደልና ለምግብ መውሰድ ከመልቀቅ ይሻላል። ስለዚህ አጭር ዱላና ቢላም ከዕቃው ጋር ይያዙ። ደንቡ ግን እንደየአገሩ ይለያያል፦ በባልቲክ ባሕር የስዊድን ዳርቻ በብዙ ክፍል ከ40 ሴንቲ ሜትር ያነሰና ከ75 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ፓይክ መመለስ አለበት፤ በአየርላንድ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን መግደል አይፈቀድም። በስዊድን እንደ ሜላረን ባሉ አምስት ትልልቅ ሐይቆችና በባሕር ዳርቻ በዘንግ ማጥመድ ነጻ መሆኑ ከእነዚህ ደንቦች ነጻ ያወጣል ማለት አይደለም። በመሆኑም በማጥመጃው ዘንግ ላይ በ40 እና በ75 ሴንቲ ሜትር ምልክት ማድረግ ሜትር ከመፈለግ ያድናል።

መቆንጠጫውና መቁረጫው ዝገት ስለሚወዱ ቤት ሲደረስ በንጹሕ ውኃ ታጥበው፣ ደርቀው፣ መጋጠሚያቸው ላይ የዘይት ጠብታ ይደረግላቸዋል። እጀታቸው ላይ ቀይ ክር ይታሰር፤ ያለዚያ ሲመሽ ሣር ውስጥ ተጥለው ይቀራሉ። የእኔ የመጀመሪያው መቆንጠጫ እስከ ዛሬ እዚያው ሜላረን ዳር፣ የሆነ ሣር ሥር አለ።